ጭስ ከማባረር ምድጃ ማስተካከል፦ የሊማሊሞ ዳገት ስለ ልብ ድካም የሚያስተምረን

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በጠመዝማዛነቱና በገደሉ ነው። ለሕይወት ሳይንስ ተማሪ ግን ሊማሊሞ የኦክስጅን መሰላልም ነው። ዛሪማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከደባርቅ ማዶ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ያሉ አንዳንድ መንደሮች ከ3,500 ሜትር በላይ ናቸው። በዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የስሜን ገበሬ ግን በዚያ አየር ገብሱን ያርሳል፤ እናቶችም ውኃ ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ፤ ልባቸውም ሥራውን አያቋርጥም።

ይህ ጽሑፍ ስለ ልብ ድካም ነው። የልብ ድካም ስንል በድንገት የሚጥለውን የልብ ሕመም ማለታችን አይደለም፤ የልብ ጡንቻ ኃይሉ ተዳክሞ ወይም ግትር ሆኖ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ያህል ደም መርጨት ሲያቅተው፣ እግር ሲያብጥ፣ ተኝቶ መተንፈስ ሲከብድ፣ ትንሽ ዳገት ተራራ ሲሆን የሚታየውን ሕመም ማለታችን ነው። በዚህ ሕመም ውስጥ ኦክስጅን ሁለት ገጽ አለው። አንዱ ሕይወት ሰጪ ነው፤ ሌላው ሊቃውንቱ ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ የሚሉት፣ እኛ እዚህ የኦክሲዴሽን ጫና የምንለው ጎጂ ገጽ ነው። ይህን ጎጂ ገጽ በቫይታሚን እንክብል ጠርጎ ማውጣት ይቻላል የሚለው አስተሳሰብ በስፋት ሲነገር ቆይቷል። እኛ ግን አስተሳሰቡ በሳይንስ ሚዛን ተመዝኖ ቀልሏል እንላለን። ከዚህም አልፎ፣ ትክክለኛው ጥያቄ በደጃችን በሊማሊሞ ዳገት ላይ እንደሚገኝ፣ ጥያቄውንም መጠየቅ የሚገባን እኛው እንደ ሆንን ልናሳይ እንወዳለን።

ልብና እሳቱ

የሰው ልብ በአንድ ቀን ውስጥ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራበትን ኃይል የሚያገኘው ማይቶኮንድሪያ ከተባሉት ጥቃቅን የሕዋስ ክፍሎች ነው። በልብ ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ ከሕዋሱ ይዘት አንድ ሦስተኛ ያህሉን ይይዛሉ። ይህ ብቻውን ልብ ምን ያህል ኃይል በላተኛ እንደ ሆነ ይመሰክራል። ማይቶኮንድሪያ የሕዋሱ ምድጃ ናቸው ብንል አንሳሳትም፤ ከምግብ የተገኘው ነዳጅ በኦክስጅን አማካይነት ቀስ በቀስ የሚነደው በእነርሱ ውስጥ ነውና።

እሳት በሚነድበት ቤት ጭስ አይጠፋም። በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው ሲተላለፉ ጥቂቶቹ ከመንገዳቸው ወጥተው በቀጥታ ከኦክስጅን ጋር ይጣበቃሉ። በዚህ ጊዜ ሱፐርኦክሳይድ የተባለው ፍሪ ራዲካል ይፈጠራል። ሱፐርኦክሳይድ ወደ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይለወጣል፤ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድም ልቅ ብረት ካገኘ ሃይድሮክሲል የተባለውን እጅግ ኃይለኛ ራዲካል ይወልዳል።

ተፈጥሮ ለዚህ ጭስ መውጫ አበጅታለች። እ.ኤ.አ. በ1969 ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚዩቴዝ የተባለውን፣ ሱፐርኦክሳይድን የሚያከስም ኢንዛይም ሥራ ለዓለም አሳወቁ። ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐሮክሲዴዝ የተባሉት ኢንዛይሞች ደግሞ የቀረውን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ወደ ውኃ ይለውጣሉ። በጤነኛ ልብ ውስጥ የጭሱ መጠንና የመውጫው ስፋት ይመጣጠናሉ። የኦክሲዴሽን ጫና የምንለው ይህ ሚዛን ሲዛባ ነው።

ጭሱ ጡንቻውን እንዴት ይጎዳል?

የልብ ጡንቻ የሚኮማተረውና የሚፍታታው በካልሲየም ትእዛዝ ነው። በእያንዳንዱ ምት በሕዋሱ ውስጥ ካለው ጎተራ ካልሲየም በበር ይለቀቃል፤ የጡንቻው ክሮችም ይሳሳባሉ። ከዚያም አንድ የፕሮቲን ፓምፕ ካልሲየሙን ወደ ጎተራው መልሶ ያስገባዋል፤ ጡንቻውም ይፍታታል። የኦክሲዴሽን ጫና ሲበረታ የጎተራው በር በደንብ መዘጋት ያቅተዋል፤ ካልሲየምም ያለ ጊዜው ይፈስሳል። ፓምፑም ይለግማል። ውጤቱም ሁለት ነው፤ ልብ በሚኮማተርበት ጊዜ ኃይሉ ያንሳል፤ በሚፍታታበት ጊዜም በሚገባ አይላላም። ያለ ጊዜው የፈሰሰው ካልሲየም የልብን ምት ሥርዓትም ሊያዛባ ይችላል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ራዲካሎቹ የሚወለዱት በማይቶኮንድሪያ ውስጥ በመሆኑ በቅድሚያ የሚመቱትም የማይቶኮንድሪያን የራሳቸውን ዲ ኤን ኤና ፕሮቲኖች ነው። የተጎዳ ምድጃ ደግሞ አብዝቶ ይጨሳል፤ አብዝቶ ሲጨስም ይበልጥ ይጎዳል። በመጨረሻም አንዳንድ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ በቦታቸውም እንደ ጠባሳ ያለ ግትር ኅብረ ሕዋስ ይተካል።

ይህን አዙሪት የሚያባብሰው ሰውነት ራሱ ነው። ልብ ሲደክም ሰውነት ደም ያነሰው መስሎት አንጂዮቴንሲን የተባለውን የደም ሥር አጥባቂ ቅመም ያበዛል። ይህ ቅመም በልብ ሕዋስ ውስጥ ሱፐርኦክሳይድ የሚያመርቱ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ የደከመ ልብ ጭስ ከውስጥም ከውጭም ይበዛበታል ማለት ነው። ይህንን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ኋላ ለሕክምናው ቁልፍ ሆኖ እናገኘዋለንና።

እንክብሉ ለምን አልሠራም?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀላሉ መልስ፣ ጭስ የሚያጠፋ አንቲኦክሲደንት በእንክብል መስጠት ይመስላል። ሐሳቡ ውብ ነበር፤ በሰው ላይ ሲፈተን ግን አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሆፕ በሚል ስም የታወቀው ጥናት 9,541 ሰዎችን አሳትፎ፣ ቫይታሚን ኢ ለዓመታት የወሰዱት ባዶ እንክብል ከወሰዱት ይልቅ ከልብ ሕመም እንዳልዳኑ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ አገር 20,536 ሰዎች የተካፈሉበት ሌላ ጥናት የቫይታሚን ኢ፣ የቫይታሚን ሲና የቤታ ካሮቲን ቅልቅል ለአምስት ዓመታት ተሰጥቶ ምንም ጥቅም እንዳላስገኘ ገለጸ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሆፕ ጥናት ተከታይ ነው። በዚህ ጥናት ቫይታሚን ኢ ሲወስዱ የቆዩት ሰዎች በልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው በ13 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ምክንያቱን ስንመረምር ሳይንሱ ራሱ መልስ ይሰጠናል። በመጀመሪያ ራዲካሎች ጠላት ብቻ አይደሉም። ነጭ የደም ሕዋሳት ተሕዋስያንን የሚገድሉት ሱፐርኦክሳይድን መሣሪያ አድርገው ነው፤ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድም በትንሽ መጠኑ በሕዋስ ውስጥ መልእክተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን የተደረገ አንድ ጥናት ቫይታሚን ሲና ኢ አብዝተው የወሰዱ ወጣቶች ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ ማግኘት የሚገባቸውን የኢንሱሊን ጥቅም እንዳጡ አሳይቷል። በሁለተኛ ደረጃ ጉዳቱ የሚደርሰው በሕዋሱ ውስጥ በተወሰኑ ቦታዎች ነው፤ የተዋጠው ቫይታሚን ግን ወደ እነዚያ ቦታዎች በበቂ መጠን ለመድረሱ ዋስትና የለም። በሦስተኛ ደረጃ፣ ይህም ዋናው ነው፣ ጭስ ማባረር ምድጃውን አያስተካክልም።

ለሐቁ ስንል ግን ከዚህ የተለየም ውጤት እንዳለ መናገር ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ2014 በ420 የልብ ድካም ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ኮኤንዛይም ኪው 10 የተባለው፣ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያመላልሰው ቅመም ጥቅም እንዳለው አመልክቷል። የዚህን ያህል ትንሽ ጥናት ግን በትልቅ ጥናት መደገም አለበት። ቅመሙ የምድጃው የራሱ አካል መሆኑንም ልብ ይሏል።

እንግዲህ አሁን ወደ አንጂዮቴንሲን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1987 ኮንሴንሰስ በተባለው ጥናት የልብ ድካማቸው እጅግ የበረታ 253 ሕሙማን ተካፈሉ። ኢናላፕሪል የተባለውን የአንጂዮቴንሲን ምርት የሚገታ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል በስድስት ወር ውስጥ የሞቱት 26 በመቶ ሲሆኑ፣ ባዶ እንክብል ከወሰዱት መካከል ግን 44 በመቶ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ስፓይሮኖላክቶን የሞትን አደጋ በ30 በመቶ እንደሚቀንስ ታወቀ። እነዚህ መድኃኒቶች አንቲኦክሲደንት ተብለው አይሸጡም። ነገር ግን የልብን ሸክም በማቃለልና ራዲካል አምራቾቹን የሚቀሰቅሰውን ትእዛዝ በመግታት ጭሱን ከምንጩ ይቀንሳሉ። ሁለቱም የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። ስለዚህ የልብ ሕመምተኛ ቤተሰብ ውስን ገንዘቡን በሚያብረቀርቅ የቫይታሚን ጠርሙስና በታዘዘለት መድኃኒት መካከል ለማካፈል ሲገደድ፣ የሳይንስ ሰው ዝም ማለት አይገባውም። የታዘዘው መድኃኒት ሳይቋረጥ ይወሰድ፤ ጠርሙሱ ይቅር።

የጎደለውን መሙላት ሌላ ነው

በሞላው ላይ መጨመር አይጠቅምም ማለት ግን የጎደለውን መሙላት አይጠቅምም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 በቻይና ኬሻን በተባለች ወረዳ ብዙ ሰው የገደለ የልብ ጡንቻ ሕመም ታየ። ውሎ አድሮ የሕመሙ አንዱ መሠረት በአፈሩ ውስጥ የሴሌኒየም ማነስ መሆኑ ታወቀ። ከላይ የጠቀስነው ግሉታታዮን ፐሮክሲዴዝ ያለ ሴሌኒየም አይሠራም፤ ሴሌኒየም ያነሰው ልብ የጭስ መውጫው የተደፈነ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአውሮፓ በ2,516 የልብ ድካም ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናትም በደማቸው ውስጥ ሴሌኒየም ያነሰባቸው ሰዎች አቅማቸው የደከመና ለሞት የቀረቡ መሆናቸውን አሳይቷል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በኢትዮጵያና በማላዊ እህል ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ ውስጥ ያለው የሴሌኒየም መጠን እንደየአፈሩ ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አረጋግጧል። ከራሱ ማሳ የሚመገብ ገበሬ የአፈሩን ጉድለት በደሙ ይወርሳል። በየትኛው ወረዳ ምን እንደ ጎደለ ሳይለኩ ለሁሉም እንክብል ማደል ግን ያው ጭስ ማባረር ነው። መለካት ይቀድማል።

ከሊማሊሞ በላይና በታች

በአገራችን የልብ ድካም ምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች የተደረገ ጥናት 1,006 በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን መዝግቧል። አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት ብቻ ነበር። በምዕራቡ ዓለም ዋነኛ የሆነው የልብ ደም ሥር መጥበብ ከስምንት በመቶ በታች የሆኑትን ብቻ ሲነካ፣ ዋነኞቹ መንስኤዎች የደም ግፊት፣ ሩማቲክ የልብ ሕመምና የልብ ጡንቻ በሽታዎች ነበሩ። ይህ ማለት ሕመሙ የሚይዘው ገና ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን፣ ልጅ የሚያሳድገውን ሰው ነው። በወቅቱ ያልታከመ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም፣ ማንም ያልለካው የደም ግፊት፣ የምድጃችን እውነተኛ ስንጥቆች እነዚህ ናቸው።

ደጋው ደግሞ የራሱን ጥያቄ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም መካከል ዶክተር አምሃ ገብረመድኅን፣ በደባርቅ ወረዳ በአምባራስ መንደር በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ደማቸውን በሄሞግሎቢን ያወፍራሉ፤ የቲቤት ነዋሪዎች የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ዝቅ ይላል። የአምባራስ ሰዎች ግን ከሁለቱም ተለዩ፤ ሄሞግሎቢናቸው እንደ ቆላ ሰው ሲሆን፣ የኦክስጅን ሙሌታቸውም በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ሁለተኛው ጥናት ይበልጥ ወደ ልብ ይቀርባል። በስሜን በ3,700 ሜትር አካባቢ የሚኖሩ ጤነኞች በ1,200 ሜትር ከሚኖሩት ጋር በልብ አልትራሳውንድ ሲነጻጸሩ፣ የደጋዎቹ የሳንባ ደም ሥር ግፊት ከፍ ያለ ነበር። ሆኖም ደም ሥሮቹ ጠብበው ሳይሆን የሚያልፍባቸው ደም በዝቶ ነው። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘር ጥናት የስሜንንና የዛሪማን ሰዎች፣ እንዲሁም የባሌን ደገኞች አጥንቶ፣ የባሌ ደገኞች ሄሞግሎቢን ከስሜኖቹ ይልቅ ጉልህ ጭማሪ እንዳለውና በቲቤት የታወቁት የዘር ልዩነቶች በእኛ ዘንድ ያንኑ ሚና ሲጫወቱ እንደማይታዩ ገለጸ። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ደጋን የመልመጃው መንገድ ብዙ ነው ማለት ነው።

እነዚህ ጥናቶች የጤነኛውን ሰው ደምና ልብ ተመልክተዋል። የእኛ ጥያቄ ስለታመመው ነው። የልቡ በር በሩማቲክ የጠበበ አንድ የስሜን ወጣት፣ የሳንባ ደም ሥር ግፊቱ ከፍ ባለበት አገር ሲኖር፣ ቀኝ ልቡ ቶሎ ይደክማልን? ወይስ ኦክስጅንን ቆጥቦ መጠቀም የለመደው ማይቶኮንድሪያ ከቆላው ሰው ይልቅ አነስተኛ ጭስ ያወጣል? በብርድ ምክንያት በተዘጋ ጎጆ ውስጥ የሚነደው እንጨትና ኩበት በሳንባና በልብ ላይ የሚያደርሰው ጫና ስንት ነው? የሊማሊሞ ዳገት ቋንቋቸውና ባህላቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሰዎችን በከፍታ ብቻ ለያይቶ ያስቀመጠ የተፈጥሮ ቤተ ሙከራ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ያለው አገር ጥቂት ነው።

ምን ይደረግ?

አንዳንዶች፣ መድኃኒት ለሁሉም ባልደረሰበት አገር ስለ ራዲካል መመራመር ቅንጦት ነው ሊሉን ይችላሉ። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ሕሙማንን ትቶ ናሙና ብቻ ይዞ የሚሄድ ምርምር ለእኛም የሚያኮራ አይደለም። ነገር ግን እኛ የምንለው ምርምር ከሕክምናው የሚቀድም ሳይሆን በሕክምናው ላይ የሚሳፈር ነው። ለምርምሩ የደም ግፊት የሚለካው ባለሙያ ያልታወቀውን የግፊት ሕመምተኛ ያገኛል፤ አልትራሳውንድ የሚይዘው ሐኪም ወርኃዊ የፔኒሲሊን መርፌ የሚያስፈልገውን ሕፃን ያገኛል። ደም የሚቀዳው ከዚያ በኋላ ነው።

መሠረቱም ተጥሏል። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1996 የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አቋቁሞ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ሲመዘግብ ቆይቷል። ደባርቅም ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። በዚህ መሠረት ላይ ሦስት ነገሮች እንዲጨመሩ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከደባርቅ በላይና ከሊማሊሞ በታች በተመረጡ ቀበሌዎች የደም ግፊትና የልብ ምርመራ በየጊዜው ይደረግ፤ ሕመም የተገኘባቸውም ሳይዘገዩ ሕክምና ያግኙ። ሁለተኛ፣ በፈቃዳቸው ደም ከሚሰጡት ላይ ሴሌኒየም፣ ብረትና የኦክሲዴሽን ጫና ምልክቶች ይለኩ። እነዚህ ምልክቶች ናሙናው ሳይቀዘቅዝ ከቆየ የሚበላሹ ናቸውና ልኬቱ በሩቅ አገር ሳይሆን በቅርብ ቤተ ሙከራ መሠራት አለበት። እዚህ ላይ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የፊዚክስ ክፍሎች ሥራ አለን፤ ሥራው የሐኪሞች ብቻ አይደለም። ሦስተኛ፣ የሚገኘው ውጤት በእንግሊዝኛ መጽሔት ከመታተሙ ጋር በአማርኛም ተጽፎ ለዳባትና ለደባርቅ ጤና ጣቢያዎች፣ ደሙን ለሰጠው ሰውም ይመለስ።

ኦክስጅን ለልብ እሳትም ጭስም ነው። ሁለቱን ለይቶ አንዱን ብቻ በእንክብል መግዛት እንደማይቻል ባለፉት ዓመታት በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አስተምረውናል። የሚቻለው የተሰነጠቀውን ምድጃ መጠገን ነው፤ የጉሮሮ ሕመምን በጊዜው ማከም፣ የደም ግፊትን መለካት፣ የተጀመረን መድኃኒት አለማቋረጥ፣ የጎደለውን ንጥረ ነገር ለክቶ መሙላት። ይህን ሁሉ እያደረግን ደግሞ፣ በሁለት ሦስተኛ አየር ዳገት የሚወጣው የስሜን ሰው ልብ ምሥጢሩ ምን እንደ ሆነ እንጠይቅ። መልሱን ሌሎች ፈልገው እስኪነግሩን መጠበቅ ግን ለዳገቱ ባለቤቶች አይገባንም እንላለን።